ለማዝዳ አርኤክስ-8 የትኛው የሞተር ዘይት? ለሮታሪ የሚሸጡ ዘይቶች ግምገማ

በፒስተን ሞተር ዘይት ከነደደ ብልሽት አለ ማለት ነው። በፒስተን ፈንታ ሮተር በሚዞርበት በሮታሪ ሞተር ግን መንደዱ ሥራው ነው። ሬኔሲስ የሚባለው የአርኤክስ-8 ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ዘይት መጣኝ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ከኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ እየቀዳ ሮተሩ የሚዞርበት ክፍል ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጋል። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ያሉት ሲሎች (ማሸጊያዎች) ግድግዳውን እየታከኩ ሲዞሩ እንዳይበሉ የሚያደርጋቸው በዋናነት ያ ጠብታ ነው። ከዚያ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ በማርሚታ ይወጣል።

ስለዚህ አንድ ዘይት ለዚህ መኪና ይሆናል ለማለት ሁለት ነገር እናያለን። ኮፓው ውስጥ ሳለ የዋናውን ዘንግ ኩሽኔታዎች በሙቀትና በ9,000 ዙር መሸከም አለበት፤ ሲቃጠል ደግሞ አመድ ሳይከምር መሄድ አለበት። ጣሳው ላይ «ለስፖርት መኪና» ተብሎ መጻፉ ሁለቱንም አያረጋግጥም።

ከ5ደብሊው-20 እንጀምር፤ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ የኋለኛው በሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ማዝዳ ለአሜሪካ ገበያ ያዘዘው ይህንን ነው፤ በአውሮፓ ግን ለዚያው ሞተር 5ደብሊው-30 ነው የጻፈው። ሞተሩ አንድ ሆኖ ትእዛዙ ሁለት ከሆነ የአሜሪካውን ቁጥር እንደ ሕግ የምንይዝበት ምክንያት አይታየንም። የዘይት ውፍረት ደረጃዎችን ባወጣው በኤስኤኢ መለኪያ የ20 ዘይት በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በከፍተኛ ጫና ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ውፍረት 2.6 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ ነው፤ የ30 ደግሞ 2.9። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሮታሪ ቤንዚን ወደ ዘይቱ የማስገባት ጠባይ አለው፤ በተለይ ሳይሞቅ የሚጠፋ፣ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ሲሆን። ገና ከጅምሩ የቀጠነ ዘይት ላይ ቤንዚን ሲጨመርበት በኩሽኔታውና በዘንጉ መካከል የሚቀረው ሽፋን በጣም ይሳሳል። ብርዱ ከባድ በሆነ አገር ካልሆነ በቀር 5ደብሊው-20ን አንመርጥም።

5ደብሊው-30 ላይ ስንደርስ ጣሳውን አዙሮ ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁሉም 5ደብሊው-30 አንድ አይደለምና። አሴያ የተባለው የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ደረጃ ኤ3/ቢ4 ወይም ሲ3 የሚል ከሆነ ያ የጫና ውፍረት ቢያንስ 3.5 ነው፤ ከተራው 5ደብሊው-30 በግልጽ ይበልጣል። ከሁለቱ ደግሞ የሲ3 የአመድ ገደብ ዝቅ ያለ ነው። ፎስፈረሱም የተገደበ ነው፤ ይህ ዘይት እያነደደ ለሚኖር መኪና ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያ) ትልቅ ነገር ነው። አመድ የሚበዛበት ዘይት በካንዴላው ጫፍ ላይ ይጋገራል፣ ሲሎቹ በተቀመጡበት ቦይ ውስጥ እየተጠራቀመ እንዳይንቀሳቀሱ ያደርጋቸዋል፤ ሲሉ ከተጣበቀ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ሞተሩም በተለይ ሲሞቅ አልነሳም ይላል። ለመንገድ መኪና ቀዳሚ ምርጫችን ሲ3 ደረጃ ያለው 5ደብሊው-30 ነው።

10ደብሊው-40 ሁለተኛ ቦታ ይዟል። ሙቀት በሚበዛበት አገር፣ ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ ሞተር ወይም በከፍተኛ ዙር ለረጅም ጊዜ በሚነዳ መኪና ላይ ጥሩ ይሠራል። ለጠዋት ቅዝቃዜ ከ5ደብሊው የከበደ ስለሆነ ሞተሩ እስኪሞቅ ከ3,000 ዙር አለማለፍ ነው።

ሲንተቲክ ሮታሪን ያበላሻል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልጠፋም። መነሻ አለው፤ ማዝዳም በአንዳንድ ገበያ ሲንተቲክን አልመከረም ነበር። የሚፈራው ሳይነድ የሚቀረው ዝቃጭና የድሮ ሲንተቲኮች ከጎማ ሲሎች ጋር አለመስማማታቸው ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ባለው ዘይት ግን ዝቃጩን የሚወስነው የመሠረቱ ዓይነት ሳይሆን የተጨመረበት የብረት ቅመም ብዛት ነው፤ አመዱ ዝቅተኛ የሆነ ሲንተቲክ አመዱ ከበዛ ሚኒራል ይሻላል።

ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቀላቀለው የሁለት ምት ዘይት ብዙ ጥያቄ አለ። ኢዴሚትሱ ለሮታሪ ብሎ የሚያመርተው አለ፤ እሱ ካልተገኘ ጃሶ ኤፍዲ የሚል (የጃፓን የሁለት ምት ዘይት ደረጃ ነው) ማንኛውም ጥሩ የሞተር ሳይክል ዘይት ይበቃል። ቲሲ-ደብሊው3 የሚለው ለጀልባ የተሠራ፣ በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የታሰበ ስለሆነ እንተወዋለን። መጠኑ ለ50 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ነው። ዘይቱ ቀድሞ ይግባ፣ ቤንዚኑ ላዩ ላይ ሲወርድበት ራሱ ያማታዋል። ከዚህ ማብዛት ካንዴላ ከማቆሸሽ በቀር ጥቅም የለውም። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ይህ ለሲሎቹ ተጨማሪ እንጂ የኮፓውን ዘይት አይተካም፣ የተበላሸ መጣኝ ፓምፕንም አይፈውስም።

አብዛኛው ሮታሪ የሚጎዳው ግን በዘይት ምርጫ ሳይሆን ባለመሙላት ነው። እንደ አነዳዱ 1 ሊትር ከ1,500 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር አንድ ጊዜ ዘይቱ ይለካ። የሚመቸውም እዚያው ማደያው ነው፤ ሞተሩ ሞቋል፣ መሬቱ ብዙውን ጊዜ ደልዳላ ነው። መኪናውን ከቤት አውጥቶ ለመለካት ብሎ ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት አይሆንም፤ ቤንዚን ካንዴላዎቹን አጥቦ መኪናው ዳግም አልነሳ ይላል።

ሞተሩን አጥፍቶ 5 ደቂቃ መጠበቅ፤ ዘይቱ ወደ ኮፓው እስኪወርድ ነው። መለኪያውን አውጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ እስከ መጨረሻው መልሶ መክተት፣ እንደገና አውጥቶ ማንበብ። መለኪያው ላይ ከኤል (ዝቅተኛው ምልክት) እስከ ኤፍ (ሙሉ) ያለው ርቀት ከ2 ሊትር በታች ስለሚይዝ፣ መሃል ላይ ያለ መኪና ውስጥ አንድ ሊትር ሙሉ መገልበጥ ከኤፍ ያሳልፋል። 250 ሚሊ ሊትር ጨምሮ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ነው። ከኤፍ ካለፈ ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ አየር ማስገቢያው ውስጥ ይገባል፤ ጭስ ያመጣል፣ የአየር መግቢያውን ቫልቭ ያቆሽሻል። ከኤፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቀር ይሻላል።

መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ቀጥኗል፤ ወቅቱ ባይደርስም ይቀየር። በተቃራኒው 3,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ምንም ያልቀነሰ እንደሆነ ደስ አይበላችሁ፤ መጣኝ ፓምፑ ወይም ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይታዩ። በመሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ነጭ አረፋ ብዙውን ጊዜ በአጭር ጉዞ የሚጠራቀም የውኃ ትነት ነው፤ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይጠፋል። የራዲያተሩ ውኃም አብሮ ከቀነሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ዳሽቦርድ ላይ ያለው የዘይት ግፊት ጠቋሚ አታምኑት። ግፊት አለ ወይም የለም ከማለት በቀር እውነተኛውን መጠን አያሳይም።

ቅየራውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር እንመክራለን። ሲፈስ የሚወጣው ወደ 3.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው በዘይት ራዲያተሮቹና በቱቦዎቹ ውስጥ ስለሚቆይ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። በጣም የጠቆረ ዘይት ያለበት መኪና ሲገዛ፣ ቅየራውን 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ አንድ ጊዜ መድገሙ ለዚህ ነው። የመድፊያው ብሎን ጉርኒሲዮን በየቅየራው አዲስ ይሁን። የ5 ሊትር ጣሳ ከተገዛ 1.5 ሊትር ይተርፋል፤ እሱ በኮፈን ሳይሆን በመኪናው ሻንጣ ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆና ቆሞ ይቀመጥ። ሲያልቅ ያው ዓይነት ካልተገኘ ኤፒአይ የሚል (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ምልክት ያለበትን ሌላ የቤንዚን ሞተር ዘይት መጨመር ይቻላል፤ ኤል ላይ ሆኖ የተሻለ ዘይት ፍለጋ ከመንዳት ይሻላል።