የማይሠራ የነዳጅ ጌጅ ምርመራ፦ በኮምቦልቻ ስላገኘሁት አገልግሎት

በኮምቦልቻ ከተማ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኝ አንድ አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ፣ ከባዶው ምልክት አልነሣ ያለውን የቶዮታ ዲኤክስ መኪናዬን የነዳጅ ጌጅ እንዴት መርምሮ እንዳስተካከለ አሮጌ መኪና ለሚያሽከረክሩ ሁሉ ማስታወቅ እወዳለሁ። ሐረጎን እየወጣና እየወረደ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ነዳጅ ቢያልቅበት ምን እንደሚገጥመው ስለሚያውቅ፣ ጉዳዩን አቅልሎ አያየውም።

ቀደም ሲል ያሳየሁት ሌላ ጋራዥ አንድም ነገር ሳይለካ ክሩስኮቱ (መለኪያዎቹ ያሉበት ሰሌዳ) በሙሉ ይለወጥ ብሎኝ ነበር። የዚህኛው ባለሙያ ግን መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የጠየቀኝ የሞተር ሙቀት መለኪያው ይሠራ እንደሆነ ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሁለቱ መለኪያዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ፊውዝና ከአንድ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በመሆኑ፣ አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ከዚያ ይፈለጋል፤ የነዳጁ ብቻ ከቆመ ግን ወደ ሳልባትዮው (ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው) መሄድ ይገባል። የእኔ የሙቀት መለኪያ ደኅና ነበር።

ስለዚህ በሳልባትዮው ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ መለኪያ የሚመጣውን ሽቦ ነቀለና በትንሽ አምፖል በኩል ከማሳ (ከመኪናው የብረት አካል) ጋር አገናኘው። ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ጌጁን ሊጎዳው ስለሚችል፣ አምፖሉን መሃል ማስገባቱ የጥንቃቄው ምልክት ነው። ቁልፉ ሲከፈት ጠቋሚው ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ወጣ፤ የእነዚህ መኪናዎች ጌጅ በሙቀት በሚታጠፍ ብረት የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ዝግታው ጤናማ ነው። በዚህ አንድ ሙከራ ክሩስኮቱም እስከ ኋላ የሚዘልቀው ሽቦም ነጻ ወጡ። ጠቋሚው ሁልጊዜ ሙሉ ላይ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ፣ ሽቦው ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቶ እንደሆነ ይመረምር እንደነበር አስረድቶኛል።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ተንሳፋፊውን አወጣና ከሳልባትዮው ራቅ ብሎ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን (ሬዚስታንሱን) በቴስተር ለካው። በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና ክንዱ ሙሉ ላይ ሲሆን 3 ኦም ገደማ፣ ባዶ ላይ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ የእኔም ለዚያ ቀረበ። ተንሳፋፊውን ነቅንቆ ቤንዚን እንዳልገባበትም አረጋገጠ። ጥፋተኛው የዛገው የማሳ ማያያዣ ሆኖ ተገኘ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ሲታሰር ጌጁ ሥራውን ጀመረ። አንድም ዕቃ አልተለወጠም፤ የተከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።

የማልወድለት አንድ ነገር ቢኖር የተንሳፋፊውን ክዳን በአሮጌው የማሸጊያ ጎማ መልሶ መግጠሙ ነው። ሳልባትዮው ሞልቶ ዳገት ስወጣ የቤንዚን ሽታ መጣ፤ ስመለስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጎማውን ለወጠልኝ፤ ሆኖም ቤንዚን ከእሳት ጋር ቀልድ ስለማያውቅ ይህ ከመጀመሪያው መደረግ ነበረበት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አዲስ ጎማ እንዲገጠምለት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሳልባትዮውንም ሳይሞላ ይሂድ፣ ባለሙያው የሞላ ሳልባትዮ አይከፍትምና።