ቀዩ የሌሊት መብራት ለእርጉዝ፦ መብራቱ ጥሩ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን አይታመንም

ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሌሊት ሽንት ቤት መመላለስ የማይቀር ነው። ትልቁን መብራት ባበራሁ ቁጥር እንቅልፌ እልም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ትንሽ ቀይ መብራት ገዛሁ።

በመብራቱ ደስተኛ ነኝ። ወለሉን ያሳያል፣ ዓይን አይወጋም። ድምቀቱ ስለሚስተካከል ዝቅተኛው ላይ አድርጌዋለሁ። ሴንሰሩ ግን ቁጡ ነው፤ አልጋ ላይ ስገላበጥም ይበራል። ወደ ኮሪደሩ ሳዛውረው ተገላገልኩ። ጎኑ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ጠቋሚ መብራት ደግሞ በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኳት። እሷ እዚያ መኖር አልነበረባትም።

ምክንያቱም የቀይ መብራት ጥቅሙ ሰማያዊ ብርሃን አለመኖሩ ነው። አንጎላችን መሃል ፒኒያል የምትባል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የሚባል፣ ለሰውነት መምሸቱን የሚነግር ሆርሞን ታመነጫለች። ዓይናችን ደማቅ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊውን፣ ሲያይ ማመንጨቷን ትቀንሳለች። ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ብዙም አይነካትም።

ለእርጉዝ ሴት ነገሩ ከእንቅልፍም ያልፋል። የእናት ሜላቶኒን የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ጽንሱ ሌትና ቀንን የሚከተል የራሱ ሜላቶኒን ገና የለውም፤ ከተወለደ በኋላም ቢሆን 2 ወይም 3 ወር ይፈጅበታል። እስከዚያ መምሸቱን የምትነግረው እናቱ ናት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሌሊት ስልኬን መነካካት ትቻለሁ። የእናት የሌሊት ሜላቶኒን በእርግዝና መጨረሻ ከፍ ይላል። በላብራቶሪ በተፈተሹ የማህፀን ጡንቻ ሕዋሳት ላይም ምጥ ላይ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ሆርሞን፣ የኦክሲቶሲንን፣ የማኮማተር ኃይል ሲያግዝ ታይቷል።

ካርቶኑ ግን "ፕሮጄስትሮን ይጨምራል" ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ፕሮጄስትሮን፣ ማለትም እርግዝናው እንዲጸና የሚያደርገው ሆርሞን፣ በእርግዝና መጀመሪያ የሚመጣው ከእንቁላል ማምረቻው ነው፤ ከ10ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዋናው አመንጪ የእንግዴ ልጁ ነው። ሶኬት ላይ የተሰካ አምፖል ይህን አያዝም። መብራቱ የሚያደርገው ጨለማውን አለመረበሽ ብቻ ነው፤ ለእኔ ይህም በቂ ነው።

የተናደድኩት በውስጡ ባለው ወረቀት ነው። የሜላቶኒን ክኒን አብራችሁ ውሰዱ ይላል! ክኒኑ ለእርጉዝ ሴትና ለጽንስ ደህና መሆኑ በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም። እባካችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት።

መብራቱን ግን ግዙት። ድምቀቱ የሚቀንስ መሆኑን አይታችሁ፣ ጠቋሚዋንም ሸፍናችሁ። እኔ ከወለድኩ በኋላም ለሌሊት ማጥቢያ እጠቀምበታለሁ።