ኳድ ወይስ ግመል? ዱባይ ላይ ግማሽ ቀን ለተረፋችሁ

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ሁለቱ ከደሴ፣ አንዱ ከዚሁ ከኮምቦልቻ። አራተኛዋ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ዕቃ ልታመጣ ዱባይ የገበያው ሰፈር ዴይራ ወርዳ፣ ግዢዋን ጨርሳ፣ በረራዋ ማታ ሆኖባት ግማሽ ቀን ተርፏት። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «በረሃ የሚወስዱት ነገር አለ አሉ። ባለ አራት ጎማውን ሞተር፣ ኳዱን፣ ልንዳ ወይስ ግመሉ ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ ስለፈልፍ ከምውል አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይሄንን እልካለሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ግመል። ሞተር ሠሪ ሆኜ ግመል ማለቴ ካሳቃችሁ ሳቁ፣ ምክንያቱን ግን ስሙኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ዱባይ አጠገብ ሻርጃ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ነበርኩ። ለቱሪስት የሚከራዩት ኳዶች ሳምንቱን በረሃ ላይ ሲንገላቱ ከርመው በመኪና ተጭነው የሚመጡት እኛ ጋ ነበር። እና እነዚህን ማሽኖች ከላይ በቀለማቸው ሳይሆን ሆዳቸውን ፈትቼ ነው የማውቃቸው።

አሁን ወደ ብሩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንደማንኛውም ሰው ተሸውጃለሁ። ዴይራ መንገድ ላይ ማስታወቂያ የሚያድል ልጅ ወረቀት ሰጠኝ፤ 60 ድርሃም ይላል። በ60 ድርሃም መኪናው፣ አሸዋ ላይ መንሸራተቱ፣ ግመሉ፣ ሻዩ፣ ሁሉም ተካቷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኳዱ ግን አልተካተተም። እሱን የምትሰሙት በረሃው ውስጥ ያለው ካምፕ ከደረሳችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከተማው ርቆ ቀርቷል፣ ሰው ሁሉ እየነዳ ሲያጓራ አንድ ጥግ ቆሞ ማየት ያሳፍራል። 150 ድርሃም ለ20 ደቂቃ። ለአቧራው መነጽርና ሻሽ 25። ስመልስ ደግሞ ተቀባዩ ልጅ ኳዱን ዞር ዞር ብሎ አየና «የፊት ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል» አለ። 200 ድርሃም። ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ገብቶ ደርቋል፣ የዛሬ ስንጥቅ አለመሆኑን ለማወቅ የእኔን ሙያ እንኳ አይፈልግም፤ ግን ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት እጁ ላይ ነው። ተከራከርኩ፣ ጮህኩ፣ ከፈልኩ። በ60 ድርሃም የወጣ ሰው 435 ድርሃም ከስክሶ ገባ።

ግመሉስ? ያ «ተካቷል» የተባለው ግመል ካምፑ ጓሮ ተንበርክኮ ይጠብቃችኋል። ተቀመጥ፣ ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ ዞረ፣ ውረድ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ወረፋው ይበልጣል። «ግመልም ሞክሬዋለሁ፣ ምንም የለውም» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሞከሩት ይሄንኑ ነው። እኔ ግመል ስል ሌላ ነው። ጠዋት ለብቻው የሚሸጥ፣ አንድ ሰዓት ያህል አሸዋው መሀል ይዞ የሚዞር። ለእሱ 180 ድርሃም ከፈልኩ፣ ከሆቴል ማመላለሻው ጭምር። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ማንም ኪሴን አልነካም። ለጎታቹ ሰውዬ 20 ቲፕ ሰጠሁ፣ እሱም ደስ ብሎኝ ነው።

በደቂቃ አስሉት። ኳዱ ቅጣቱን ሳልቆጥር እንኳ ወደ 9 ድርሃም ነው። ግመሉ 3።

ድርሃም ደግሞ የድሮው ድርሃም አይደለም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ነው፤ ዶላር ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ ላይ አንዱ ድርሃም 16 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «አቦ፣ መቶ ድርሃም ምን አላት» የሚለውን ወሬ እዚያው ተዉት።

የኳዱን ነገር ገና አልጨረስኩም፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ ታገሱኝ። ጋራዣችን ከሚመጡት ውስጥ ያማሃ ራፕተር የሚል ተለጥፎባቸው ሲፈቱ ሌላ ነገር የሆኑ ነበሩ። ፕላስቲኩ ቁርጥ ራፕተር ነው። ስቲከሩም ያምራል። ውስጡ ግን በየስኩተሩ የምናውቃት ጂዋይ ስድስት የምትባለው ትንሽ የቻይና ሞተር ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከ150 ሲሲ አትበልጥም፣ ኦርጅናሉ ራፕተር ደግሞ 700 ሲሲ ገደማ ነው። ሰውየው የሚያስከፍለው በስቲከሩ ነው፣ አሸዋ መሀል የምትገፉት ግን በሞተሩ ነው። የቻይና ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። በገዛ ስሙ የሚሸጥ ደህና የቻይና ኳድ አለ። እኔን የሚያናድደኝ የሰው ስም ለብሶ የሚመጣው ነው።

መለያው ቀላል ነው። ሻሲው ላይ የተመታውን ቁጥር እዩ። በእንግሊዝኛው ኤል ከጀመረ ቻይና የተሠራ ነው። በጄ ከጀመረ ጃፓን። ኦርጅናሉ ራፕተር የሚሠራው አሜሪካ ነው፤ ቁጥሩ በ5 ይጀምራል። (እዚህ ደሴም ሞተር ስትገዙ ይሄንኑ እዩ። የሕንድ ከሆነ ኤም ነው የሚቀድመው። የሕንድ ነው ተብሎ ኤል የተመታበት ይዞልኝ የመጣ ሰው አለ፤ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ።)

ኦርጅናል ቢሆንም አሸዋው አይምረውም። የበረሃ አሸዋ እንደ ዱቄት ነው። ፊልትሮው ካልጸዳ ሾልኮ ገብቶ ፒስተኑን ይበላዋል፤ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፤ የፍሬን ሸራውን ይፈጀዋል። ለኪራይ የሚሠራ ማሽን ደግሞ ማሽኑ እስኪቆም ድረስ ባለቤቱ አያስጠግነውም። አንድ ፍሬን ብቻ የሚይዝ ኳድ ሲነዳ ቆይቶ ጋራዣችን ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚያስፈራው ግን ነዳጅ መስጫው ነው። ኳድ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል አይጠመዘዝም፣ በአውራ ጣት ነው የሚገፋው፤ እዚያ ውስጥ አሸዋ ከገባ ተጭናችሁ ስትለቁት አይመለስም። ጣታችሁን አንስታችኋል፣ ኳዱ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀጭ ብሎ ካልተመለሰ አትቀመጡበት። ሌላ ቀይሩልኝ በሉ። ካልቀየሩ ብራችሁን ተቀበሉ።

አልዋሽም፣ አንድ ቀን እውነተኛውን ነድቻለሁ። ላህባብ ነው፣ አሸዋው ቀይ የሆነበት ቦታ። ቅላቱ ከብረት ዝገት የመጣ ነው ይላሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ፍም ይመስላል። 300 ድርሃም ለ30 ደቂቃ። ኦርጅናል ራፕተር፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ያለው፣ አምስት ማርሽ። ያ ቀን ያስቆጫል አልልም። ጉልበቱ ሌላ ነው፤ ኮረብታውን ሽቅብ ሲበላው ልጅ ሆኜ ነበር። የግድ ኳድ ካላችሁ እንደዚያ ንዱ፤ ውድና አጭር። «150 ለአንድ ሰዓት» የሚላችሁን ሰው ግን ሽሹት፤ በዚያ ዋጋ ማሽን ጠግኖ የሚያከራይ ሰው እኔ አላየሁም። ፍሪሲዮን ይዞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ራፕተር ላይ አይውጣ፤ አውቶማቲኩን ይጠይቅ። ሄልሜት ካልሰጡ ተመለሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ማሽኑን ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ እያንዳንዷን ጭረት፣ ተቀባዩ ልጅ እያየ። ያቺ ቪዲዮ ብትኖረኝ 200 ድርሃሜ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ፓስፖርት ደግሞ መያዣ ብላችሁ አትስጡ፣ በፍጹም።

የደሴ ልጆች ለግመሉ አንድ መልስ አላቸው። «ግመል ለማየት ዱባይ ምን ያስኬደኛል? ሰኞ ባቲ ወርጄ አላይም?» ይሉኛል። ለማየት ከሆነ ልክ ናችሁ። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሰኞ ገበያው ላይ ግመል እንደ ጉድ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባቲ ላይ ግመል ላይ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ተወልጄ አድጌ አላየሁም። በኛ በኩል ግመል ይጫናል፣ ይታለባል፣ ይሸጣል፣ ይታረዳል። አፋሩ ገመዱን ይዞ ከፊት በእግሩ ይመራዋል እንጂ አይቀመጥበትም። ጎረምሳ ሆኜ አንዱን ባለ ግመል «እስቲ ልውጣበት» ብዬ ለመንኩት። ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝና «ምነው፣ እግርህን አሞሃል?» አለኝ።

ዐረቦቹ ጋ ሌላ ነው። ለመቀመጫ የተሠራ ኮርቻ አላቸው፣ ግመሉም ሰው መሸከም የለመደ ነው። ሻኛው የባቲው ዓይነት አንድ ሻኛ ነው፤ ሥራው ነው የሚለየው። ያን ጠዋት ያደነቅሁት ዝምታውን ነው። ግመል ሰኮና የለውም፣ መዳፉ ለስላሳ ነው፣ አሸዋ ላይ ሲረግጥ ድምፅ የለም። አራት ዓመት ሙሉ የሞተር ጩኸት ውስጥ ለዋለ ሰው ያ አንድ ሰዓት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሩን ነው የሚዘረጋው፤ ወደ ፊት ይወረውራችኋል። ስለዚህ ገና ሲንቀሳቀስ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ሲንበረከክም የፊቱ ነው የሚታጠፈው፣ ያኔም ወደ ኋላ። አክስቴ በስድሳ ዓመቷ ወጥታበታለች፤ ሲነሳ ከቢስሚላህ ሌላ ቃል አልወጣትም፣ ከዚያ በኋላ ግን አልወርድም ያለችው እሷ ናት። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን ግመሉም ኳዱም ይቅርባችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ቀሚስ የምትለብሱ ከሥር ሱሪ አድርጉ፣ አለበለዚያ ጭናችሁ ይላጣል። ሁለት ሰው በአንድ ግመል የሚሉትን አትቀበሉ፤ የኋለኛው ሰው ሲናጥ ነው የሚውለው። ከመውጣታችሁ በፊት የኮርቻውን ሥር እዩለት። ቁስል ካለው፣ ዝንብ ከወረረው፣ ሌላ ጠይቁ። ያም እንግዲህ ጥገናው ነው።

ስትገዙ ወረቀት ላይ ያለውን ዋጋ እርሱት። በዋትስአፕ ጻፉላቸው፤ «ግመሉ ስንት ደቂቃ ነው? ጠቅላላ ድምሩ ስንት ነው? እዚያ ከደረስኩ የምከፍለው ሌላ ነገር አለ?» መልሱን አስቀምጡ። መኪናው የጋራ ከሆነ በየሆቴሉ እየዞረ ሰው ሲለቅም አንድ ሰዓት ይበላል፤ ማታ በረራ ያላችሁ እሱን ቁጠሩት። መኪናውን አሸዋ ላይ እያዘለለ የሚነዳውንም ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይከቱታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ የሚያስመልሳችሁ ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ ወይ ያንን አስቀሩት። ጊዜው ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውጡ።

የአጎቴ ልጅ ግመሉን ይዛ ተመለሰች። የጠዋት፣ 190 ድርሃም፣ ተከራክራ ከ220 አውርዳ። በክርክር ከእኔ ትበልጣለች። ከደሴዎቹ አንዱ ግን አልሰማኝም። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ፤ ቀይ ኳድ ላይ ተቀምጦ፣ ሻሹን ተጠምጥሞ፣ ጣቱን ቀስሮ። ከሥሩ «ኦርጅናል ራፕተር፣ አንድ ሰዓት፣ 160 ብቻ!» ብሎ ጽፏል። ፎቶውን አጉልቼ ሞተሩን አየሁት። ከዚያ የፊት ፓራፋንጎውን አየሁት። ተሰንጥቋል።

«ቪዲዮ ቀርጸሃል?» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።