ኬሞ፣ ጨረር ወይስ ኤሌክትሪክ? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ካንሰርን በኤሌክትሪክ የሚያክም ማሽን መጣ አሉ፤ ከኬሞና ከጨረር ይሻላል?» ይለኛል። ነገሩ የተነሣው በየሰፈሩ ከሚሸጥ ባለባትሪ ሳጥን ነው። አክስቴም ገዝታለች። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ሁለት ላስቲኮች አሉት። የጡንቻ ማሳጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እውነተኛው ኤሌክትሮኬሞቴራፒ ይባላል። በዚህ ሕክምና ኤሌክትሪኩ ብቻውን ዕጢ አያክምም። መጀመሪያ ብሊዮማይሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያ ዕጢው ላይ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፍ መርፌ ወይም ሳህን) ተደርጎ 8 አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ይለቀቃሉ። አንዱ ምት የሰከንድ አሥር ሺህኛ ነው፤ ኃይሉ በሴንቲሜትር ወደ 1,000 ቮልት ይጠጋል። የሴሉ ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ይከፈትና መድኃኒቱ ዘው ይላል። ጡንቻ ስለሚኮማተር በማደንዘዣ ነው የሚሠራው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚሞከር አይደለም።

ጥሩ ጎኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ማለቁ ነው። ቆዳ ላይ ለወጣ ዕጢ፣ ለምሳሌ ወደ ቆዳ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር፣ ይረዳል። ዋጋው የሚሰቀለው በኤሌክትሮዱ ነው፤ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ ነው። ቅናሽ አለ ካሏችሁ ኤሌክትሮዱ ስንተኛ ሰው ላይ እንደሆነ ጠይቁ።

የኔ ምርጫ ግን፣ በተለይ ለገፋ የማህፀን በር ካንሰር፣ ኬሞና ጨረር አብረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ጨረር ብቻ ከመስጠት ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ቢታከልበት እንደሚሻል ለሐኪሞች አሳስቧል። መድኃኒቱ በሳምንት አንዴ ይሰጣል፤ ጨረሩ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ያህል።

እዚህ ላይ ብሩን ቁጠሩ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትታከሙ ከሆነ፣ አልጋ በቀን 600 ብር ብንል እንኳ 35 ሌሊት 21,000 ብር ነው። ምግብና ታክሲ አልገባም፤ የአስታማሚም አልገባም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ። «ማሽኑ ይሠራል? ቀጠሮ መቼ ነው?» በሉ። ማሽን መሀል ላይ ሲበላሽ የአልጋው ሂሳብ አይቆምም። ሕክምናው መቋረጡም ውጤቱን ይጎዳል። በኮባልት የሚሠራ ማሽን ደግሞ ምንጩ በ5 ዓመት ገደማ በግማሽ ይደክማል፤ ካልተተካ አንድን በሽተኛ ለማከም የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል።

መድኃኒት ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ስትባሉ በርካሽ አመጣለሁ የሚል ደላላ አትከተሉ። ደረሰኝና የማብቂያ ቀኑን እዩ። ብሊዮማይሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥ ነው። በኪስ የመጣ ብልቃጥ ከሆነ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ሦስቱን አንድ ላይስ? ሐሳቡ የማይረባ አይደለም። ምቱ መድኃኒቱን በብዛት ያስገባል፤ መድኃኒቱ ሴሉን ለጨረር ያጋልጠዋል። ስሎቬኒያ ውስጥ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ጨረሩ ጠንክሮ ታይቷል። አይጥ ግን አይጥ ነው፤ ለሰው የተለመደ ሕክምና አልሆነም። «ሦስቱንም በጥቅል እንሰጣለን» የሚል ካጋጠማችሁ የምርምር ፈቃዱን ያሳያችሁ። ምርምር ነው ካለ ደግሞ የሙከራውን ወጪ እናንተ ላይ ሊጭን አይገባም።