ቀፎን ከሩቅ ለማድመጥ፦ የአይኤንኤምፒ441 ማይክሮፎን ግምገማ

ለዘመናዊ ቀፎ የድምፅ መከታተያ ራሱ መሥራት ለሚፈልግ አናቢ፣ ኢኤስፒ32 ከተባለው አነስተኛ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር የሚያያዘውን አይኤንኤምፒ441ን ያለማመንታት እንመክራለን። በ3.3 ቮልት ይሠራል፤ ከ60 ኸርዝ እስከ 15 ኪሎኸርዝ ይሰማል። ለንብ ከበቂ በላይ ነው።

ጣጣው አተካከሉ ላይ ነው። ድምፅ የሚገባው ከቺፑ በተቃራኒ ባለው የሰሌዳው ገጽ፣ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ንቦቹ ካገኟት ፕሮፖሊስ በተባለው ሙጫቸው ይደፍኗታል። ያኔ ማይክሮፎኑ ሳይበላሽ ይደነቁራል፤ ንባቡ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ቀፎው የተዳከመ ይመስላል። ስለዚህ ቀዳዳዋ ወደ ታች እንድታይ አድርጎ በትንሽ ሳጥን ማስገባት፣ አፉንም በደቃቅ የማይዝግ ወንፊት መሸፈን ያስፈልጋል። ወንፊቱም መለሰኑ ስለማይቀር ተፈትቶ የሚቀየር ይሁን። ቦታው ከእጭ ክፍሉ ፍሬሞች በላይ መሃል ላይ ነው፤ ማር ክፍል ውስጥ ድምፁ ይታፈናል። ሽቦው ከ20 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የግራ ወይም የቀኝ ድምፅ መስመር የሚመረጥበት ኤል/አር የተባለው እግር ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር ካልተያያዘ ዜሮ ብቻ ሊነበብ ይችላል።

በየ15 ደቂቃው 10 ሰከንድ በ16 ኪሎኸርዝ መቅዳት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ ግን ይጣል። በ16 ቢት 320 ኪሎባይት ስለሚሆን ቅጂውን በ2ጂ መላክ አያዋጣም፤ ሰሌዳው ራሱ ተንትኖ ቁጥሩን ብቻ ይላክ። የ2ጂ መላኪያው ሲም800ኤል ሞደም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል፤ ባትሪው ካልቻለው ሰሌዳው እየጠፋ ይነሣል። ከሞደሙ አጠገብ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) መበየድ ይረዳል።

የቢቢሲ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ኤድዋርድ ዉድስ፣ አፒዲክተር ባለው መሣሪያው መንጋ ሊወጣ መሆኑን ለማወቅ የተከታተለው ከ225 እስከ 285 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። በ400 ኸርዝ ገደማ የሚሰማውን የወጣት ንግሥት ጥሪ ግን ብዙዎች ይሳሳቱበታል። አንድ ረጅም ድምፅ አስቀድማ አጫጭር ታስከትላለች፤ ገና ከቤታቸው ያልወጡት ንግሥቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ይመልሱላታል። ይህ በተሰማ ጊዜ አሮጊቷ ንግሥት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን መንጋ ይዛ ሄዳለች። ማስጠንቀቂያው ለሁለተኛው መንጋ ነው።

ዝናብ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲወርድ ሁሉን ይውጠዋል፤ የዚያ ሰዓት ንባብ አይታመን። አንዱን ቀፎ ከሌላው ጋር ማነጻጸርም አያስኬድም፤ እያንዳንዱ ከራሱ ያለፉ ቀናት ጋር ይመዘን። የድምፅ ክትትሉ ቫሮዋ የተባለውን የንብ ተባይ መቁጠርንም አይተካም። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት መለኪያ ከእጩ አጠገብ ቢጨመር መልካም ነው፦ ድምፁ ተለውጦ ሙቀቱም ከተለመደው 34 እና 35 ዲግሪ ወርዶ ከቀረ፣ ቀፎው በዚያው ቀን ተከፍቶ ንግሥት መኖሯ ይታይ።