ካራቫን ወይስ ካምፐር ተሳቢ? ለአውስትራሊያ በረሃ ፒስታ መንገድ

ከአስፋልት ለማይወጣ ሰው ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ይበቃዋል። ምርጫው የሚከብደው እንደ ጊብ ሪቨር ሮድ ላለ መንገድ ነው። በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ በኪምበርሊ ክልል የሚያልፈው ይህ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አብዛኛው ፒስታ ሲሆን፣ በጉዞ ወቅቱ፣ ማለትም ከሜይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ፣ ገጹ እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። እዚያ ተሳቢ የሚሰብረው ጉድጓዱ ሳይሆን ለሰዓታት የማያባራው ንዝረት ነው።

ስለዚህ ከአልጋውና ከኩሽናው በፊት ክብደቱን ይዩ። ለበረሃ የተሠራ ባለሁለት አክስል ካራቫን ውሃና ዕቃ ሲጫንበት ብዙ ጊዜ 3,000 ኪሎ ያልፋል። ድንኳኑ ላዩ ላይ የሚታጠፈው ካምፐር ተሳቢ ግን በአብዛኛው ከ1,200 እስከ 2,000 ኪሎ ነው። «ቶዮታ ላንድክሩዘር 300 ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ይስባል» ሲባል ይሰማሉ። እውነት ነው፤ ስሌቱ ግን እዚያ አያበቃም። መኪናው ከነጭነቱ መመዘን የሚፈቀድለት 3,280 ኪሎ ሲሆን፣ ባዶውን እንደ ሞዴሉ 2,500 እስከ 2,630 ኪሎ ገደማ ነው። 3,500 ኪሎ የሚመዝን ካራቫን መጎተቻው ላይ 350 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ ይህም ከመኪናው ጭነት ላይ ይቀነሳል። የሚተርፈው ከ300 እስከ 430 ኪሎ ነው። አራት ሰው፣ የፊት መከላከያ ብረትና ፍሪጅ ሲገቡበት ያልቃል። 1,500 ኪሎ የሆነ ካምፐር የሚወስደው ግን 150 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ሕጉም በክብደት ይለያያል። ከ2,000 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ በሁሉም ጎማ ላይ ፍሬን ሊኖረው፣ ከመኪናው ቢነጠል ደግሞ ፍሬኑ በራሱ ይዞ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል።

ከሥር ያለውን በደንብ ይመርምሩ። ባሌስትራ ርካሽ ነው፣ ቢሰበርም የትም ገጠር ይጠገናል፤ ያለ አሞርዛተር ሲሆን ግን ንዝረቱን በሙሉ ወደ ሻንሲውና ወደ ቁምሳጥኖቹ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በሞላ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ይለሰልሳል። ይሁንና በከባድ ካራቫን ላይ ስስ አሞርዛተር ከተገጠመ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያም ማኅተሙን አልፎ ይፈሳል። በየመቆሚያው አሞርዛተሩን በዓይን ይዩት፤ አቧራ የለጠፈ እርጥበት ካለበት ማፍሰስ ጀምሯል። በጣም ከጋለም እስኪበርድ ማረፍ ነው። በባለባሌስትራው ደግሞ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ስለሚላሉ ማታ ማታ በቁልፍ ይፈተሹ።

በሁለቱም ላይ ጎማ ማስተንፈስ ግዴታ ነው። ለቀላል ካምፐር 25 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) አካባቢ፣ ለከባድ ካራቫን ወደ 30 ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አይለፍ። በቀነሰ ንፋስ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።

በምቾት ካራቫን ያሸንፋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ማታ ደርሶ ወዲያው መተኛት፣ በነፋስና በዝናብ ቀን ምግብ ውስጥ ማብሰል ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ሕፃን ላለው ቤተሰብ። ካምፐር ለመዘርጋት እንደ ዓይነቱ ከ10 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እርጥብ ድንኳን ታጥፎ ከቆየም ይሻግታል። አቧራ ሁለቱንም ያስቸግራል። ካራቫን ውስጥ በበር ጠርዝና በፍሪጁ መተንፈሻ በኩል ስለሚገባ፣ ጣሪያው ላይ ወደፊት ተከፍቶ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ መስኮት ያለውን ይምረጡ።

መድረሻው ራሱ የሚወስንበት ቦታም አለ። ኪምበርሊ ውስጥ ወዳለው ፑርኑሉሉ ብሔራዊ ፓርክ በሚያስገባው 53 ኪሎ ሜትር መንገድ ካራቫን አይፈቀድም፤ ለፒስታ የተሠራ ባለአንድ አክስል ተሳቢ ግን ይገባል። ካራቫን ያለው ሰው በአውራ ጎዳናው አካባቢ ትቶት ድንኳን ይዞ ይገባል።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ በተሳቢው ለሚኖር፣ ፒስታውንም አልፎ አልፎ ለሚነካ ሰው ካራቫን ይሻላል። ዋናው ጉዞው ኪምበርሊ ወይም የታናሚ በረሃ ከሆነ ግን ባለአንድ አክስል ካምፐር ይግዛ። ካራቫኑ ከተመረጠም ከመክፈልዎ በፊት የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥሩ ይግቡ። የውሃ ታንከሩ በላሜራ ተሸፍኗል? የጋዝና የውሃ ቱቦዎቹ ከአክስሉ ፊት ተንጠልጥለው ለድንጋይ ተጋልጠዋል? ቀጥሎ ውሃውን ሞልተው ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶ ክብደት በኋላ የሚገጠሙለትን ባትሪዎችና የፀሐይ ሰሌዳዎች ላይጨምር ይችላልና።