ቨርኒየር፣ ባለ ሰዓት ወይስ ዲጂታል ካሊፐር? ጎንደር ላይ ቶርኖ ቤት ለምትከፍቱ

አዘዞ መንገድ ላይ ቶርኖ ቤት ሊከፍት የተነሣ ልጅ «ጋሼ፣ የትኛውን ካሊፐር ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካሊፐር በመንጋጋዎቹ ይዞ የዕቃን ውፍረትና ስፋት የሚለካ መሣሪያ ነው። በሦስቱም ሠርቼባቸዋለሁና የመለስኩለትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ቨርኒየር፣ ማለትም ልኩ በጭረት የሚነበበው፣ ባትሪ አይጠይቅም፤ አቧራ ቢይዘው በጨርቅ ጠርጋችሁ ትቀጥላላችሁ። 0.02 ሚሊሜትር የሚያነበውን ያዙ፣ የ0.05ቱን ተዉት። ድካሙ ዓይን ላይ ነው። ከጎን ሆናችሁ ካነበባችሁት አንድ ጭረት ያስታችኋል፤ ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭረቱን መለየት ከባድ ነው።

ባለ ሰዓቱ ያንኑ 0.02 በመርፌ ስለሚያሳይ ለንባብ ይቀላል። ግን መርፌውን የሚያዞሩት ደቃቅ ጥርሶች መሀል የብረት ፍርፋሪ ከገባ መርፌው ይዘላል፣ ዜሮውም ይለወጣል። ግራይንደር ከአጠገቡ ለሚጮህበት ቤት አልመክረውም።

ዲጂታሉ 0.01 ይጽፋል። መጻፉ ግን ያን ያህል በትክክል መለካቱ አይደለም፤ ብዙዎቹ እስከ 0.02 ወይም 0.03 ሊስቱ ይችላሉ። መስመሩ ላይ ውሃ ወይም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከነካው ቁጥሩ ይዘላል። ርካሾቹ ተዘግተውም ባትሪ ይበላሉ፤ ከኤል አር 44 ይልቅ ኤስ አር 44 የተባለውን ትንሽ ክብ ባትሪ ብታስገቡ ኃይሉ እስኪያልቅ ሳይዋዥቅ ይቆያል። እውነተኛ ጥቅሙ የተፈለገው ልክ ላይ ዜሮ አድርጋችሁ ልዩነቱን ብቻ ማንበብ መቻላችሁ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሃምሳ ቡሽ (ዘንግ የሚገባበት የብረት ቀለበት) ለሚያወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ የኩሽኔታ መቀመጫ፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚገባበት የዘንጉ ክፍል። 6205 ኩሽኔታ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር ነው። ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ የዘንጉ ውፍረት ከ25.002 እስከ 25.015 ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን ከሦስቱ ካሊፐሮች አንዱም አይለይላችሁም፤ ከካሊፐር ይልቅ አጥርቶ የሚለካው ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፣ ያውም ከ25 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚለካው።

ማይክሮሜትር ይዤም ተሳስቻለሁ። የወፍጮ ዘንግ አውጥቼ ከቶርኖው ሳይወርድ፣ ገና ትኩስ ሳለ ለካሁትና 25.01 አለኝ። ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ብዙም ሳይቆይ ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ መቀመጫውን በላው፤ ሰውየው እህል የያዙ ደንበኞቹን መለሰ። የ25 ሚሊሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 0.01 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ ሲበርድ ያቺው የተማመንኩባት ጠፋች። ዘንጉን በነፃ ደግሜ ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ እጅ ላይ እስኪበርድ ሳልጠብቅ የመጨረሻ ልክ አልወስድም።

ለልጁ ያልኩት ይህ ነው፤ መጀመሪያ ባለ 150 ሚሊሜትር ቨርኒየር፣ በተረፈው ገንዘብ ከ25 እስከ 50 ማይክሮሜትር። ዲጂታሉ ሥራ ሲበዛ ይደርሳል።

ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ ስትገዙ መንጋጋዎቹን ግጠሙና ወደ ብርሃን አንሡት፤ በመሀል ብርሃን ካሾለከ መልሱት። ከታመነ ሰው የተገዛ አዲስ 6205 ኩሽኔታም ይዛችሁ ሂዱ። የውጭ ስፋቱ ከ51.987 እስከ 52 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐሩ ሦስት ጊዜ ለኩት፤ ሦስቱም ጊዜ 52 አካባቢ አንድ ዓይነት ቁጥር ካልሰጣችሁ ሻጩ ምንም ቢቀንስ አትውሰዱት።